ዘጠና ቤት

ሰኞ ገበያ ነው፤ ከሰልባጁ ክምር፣
ከኮቱ ከሹራቡ መሐል ስበረብር፣
አንድ የካርቶን ሣጥን፣ ማዕዘኑ የላላ፣
ክዳኑ ላይ ክንፍ ያላት በቅሎ ተስላ።
ሻጩ «ጎዶሎ ነው» አለኝ በሐቀኝነት፣
«ለልጅ ግን ይሆናል፣ ሃምሳ ብር ጣልበት»።

ኑርዬ ሣጥኑን አይቶ ዘለለ ካልጋው፣
«አባ! ፊልሙ እኮ ነው! በዒድ ያየነው!
እነ ደምሰው ቤት፣ መብራት እስኪሄድ ድረስ፣
ጠንቋይዋ ጥላ ሰርቃ እንደ ነጠላ ስትለብስ!»
«መጨረሻው ምን ሆነ?» ማንም አላወቀ፤
መብራቱ ሲመለስ ፊልሙ አልቆ ጠበቀ።

ደንቡ የተጻፈው በማናውቀው ቋንቋ፣
ፊደሉ ባለነጠብጣብ፣ እንደ ተረጨ ጭቃ።
ዚነት ስድስት ዓመቷ፣ ገና «ሀ ሁ» ላይ ናት፤
ወረቀቱን ነጥቃ አነበበችው በድፍረት፦
«አንድ፣ ማኩረፍ የለም። ሁለት፣ እማ ካጭበረበረች
ዝም ይባላል። ሦስት...» እዚህ ጋ ረሳች።

እኔና ሉባባ ሦስት ቀን ሆኖናል፣
በቤት ኪራይ ነገር አፋችን ተዘግቷል፤
«ጨው ስጠው ለአባትህ»፣ «ለእናትህ ንገራት»፣
ልጆቹ ሆነዋል የኩርፊያችን ፖስታ ቤት።

ሰሌዳውን ዘረጋን በመቁረጫዬ ጠረጴዛ፣
ጠመኔና መቀሱን ገፋ አርገን በዋዛ።
ከጉድጓድ ተነሥቶ ደመና ላይ እስካለው ግንብ፣
መንገዱ ይሳባል ዘጠና ቤት እንደ እባብ።
ሉባባ ስም አወጣች፦ «ይሄ የሐረጎ ዙር ነው፣
ይህች የቦርከና ድልድይ፣ ያ የጦሳ አናት ነው፤
እዚህ የወደቀ ሁለት ተራ ያልፈዋል፣
ጭነት መኪና ቀድሞት መንገድ ዘግቶበታል።»

በቅሎዋ ጠፍታለች፤ ጣት ቆቤ በቅሎ ሆነ፤
ባዶ የክር ጥቅል ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ።
«ጠንቋይዋስ?» አለ ደምሰው። ዞርኩ ወደ ግድግዳው፤
ጥቁር ካፖርት አለ፣ ሰው መጥቶ ያልወሰደው።
«እጅጌውን አሳጥርልኝ፣ ሐሙስ እወስደዋለሁ»
አለኝ። ተኩስ መጣ። ሐሙሱን እጠብቃለሁ።
ከደረቱ ላይ አንድ ጥቁር ቁልፍ በጠስኩ፤
«ጠንቋይዋ ይህች ናት» ብዬ መሐል ጣልኩ።

ጉም ከጦሳ ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው፣
ዚነት በመስኮት አየች፤ መንገደኛው ጥላ የለው።
«ሰርቃቸዋለች!» አለች ወደኔ ተጠግታ፣
ቁልፏን በትንሽ ጣት ወደ ዳር ገፍታ።
ሉባባ ዳይሱን ጣለች። አራት ነበር። በክርኗ
ነካ አረገችው፤ ስድስት። ኑርዬ አየ፤ በዓይኗ
ጠቀሰችው። በሁለተኛው ደንብ ዝም ተባለ፤
የእኔ ጣት ቆብ ብቻ ሐረጎ ላይ ተንከባለለ።

ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ሁላችን ቆመናል፤
የግንቡ በር ዝግ ነው፤ በወርቅ ተሥሏል
ባዶ የቁልፍ ቀዳዳ። ሣጥኑን አራገፍን፣
ካርዱን ገለበጥን፣ የሚከፍተው አጣን።
«እንግዲህ ይኸው ነው፣ ፊልሙም እንዲሁ ቀረ»
አልኩ። የኑርዬ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ያኔ ነው ሉባባ፣ ያ ሁሉ ቀን ዝም፣
በልጅ አፍ ሳይሆን ቀጥታ፣ በስሜም፦
«ይመር፣ አንተ ልብስ ሰፊ! ጠንቋይዋ ምንድን ናት?
ቁልፍ አይደለች እንዴ? ከበሩ ላይ አስጠጋት!»

ማንም አልተነፈሰ። ዚነት እጇን ዘረጋች፣
ስንሸሻት ያመሸነውን ጠንቋይ አነሣች፣
በወርቁ ቀዳዳ ላይ ልክክ። ልክ ነበረች።

ኪራዩ አልተከፈለም፤ ጉሙም አልተገፈፈ፤
«ተራሽ ነው» አልኳት ብቻ። ሣቋ ቀድሟት አለፈ።

ካፖርቱ አሁንም አለ፣ አንድ ቁልፉ ጎድሎ፣
ደረቱ እንደተከፈተ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ።
ባለቤቱ ቢመጣ፣ በሐሙስም ባይሆን፣
በሩ ላይ ቆሞ ቢያየው፣ እንዲህ እለው ይሆን፦
«አረፍ በል ወንድሜ፣ መስፋቱ አይቸግረኝ፤
ልጆቹ ሳይጨርሱ ግን ቁልፏን ማን ይስጠኝ?
ና፣ ዳይሱን ያዝ።
ተራው ያንተ ነው።»